ከድምፅ የቀደመ እጅ

ያቺን የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ጣቶቿን መጀመሪያ ባነሣችበት ቀን፣ በጥፊ ላላጋት ምንም አልቀረኝም ነበር። ቀጠሮውን ለምኜ ያስያዝኩት እኔ ነኝ። እህቴን እጇን ይዤ እየጎተትኩ ደረጃውን ያወጣኋትም እኔው ነኝ። የመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች በጥያቄና በወሬ አለፉ፤ እንቅልፍሽ እንዴት ነው፣ ምግብ ትበያለሽ ወይ፣ ሲጨንቅሽ ሰውነትሽ ላይ የት ይሰማሻል። እህቴ "እትዬ ከሌለች አልገባም" ስላለች እኔም ተፈቅዶልኝ በሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ትንፍሽ ሳልል እቀመጣለሁ። በዚያን ቀን ግን ባለሙያዋ፣ ልጅ ናት፣ ከእህቴ እንኳን ታንሳለች፣ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ ሁለት ጣቶቿን አቆመችና በእህቴ ፊት ወዲያና ወዲህ ታመላልሳቸው ጀመር።

"ያንን ቀን አስቢ። ጭንቅላትሽን ሳታንቀሳቅሺ ጣቶቼን በዓይንሽ ብቻ ተከተያቸው" አለቻት።

እህቴ አየቻቸው። ወደ ቀኝ ሄዱ፣ ወደ ግራ ተመለሱ። ከዚያ ብድግ ብላ፣ ቦርሳዋን ጥላ፣ እግሬን ረግጣ፣ በሩን በርግዳ ወጣች። ደረጃው ሥር ስደርስባት ግድግዳውን ይዛ ታስመልሳለች።

ቦርሳውን ልወስድ ስመለስ ደሜ ፈልቶ ነበር። "ለዚህ ነው የተማርሽው? ጣት ለማወዛወዝ?" አልኳት ባለሙያዋን። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ቦርሳውን አንሥታ ሰጠችኝ። "አንድ ነገር ነክቻለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። እባክዎ መልሰው ያምጡልኝ" አለች። ሰው ካልተቆጣልኝ ንዴቴ መሄጃ ያጣል። ከዚያን ቀን ጀምሮ "ባለጣቷ" እያልኩ ነው የምጠራት።

እህቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ከሽመና ማሽኖቹ አጠገብ፣ ከሥሩ መብራት የተገጠመለት ሰፊ ጠረጴዛ ፊት ትቆማለች፤ ጨርቁ በላዩ ላይ ሲያልፍ የተበጠሰውን ክር፣ ቋጠሮውን፣ የዘይት ጠብታውን ትለቅማለች። ዓይኗን የሚያመልጠው ነገር የለም። ችግሩ ሥራዋን ፋብሪካ ትታው አለመምጣቷ ነበር። እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ። ሱቄ ስትመጣ ገና ከደጃፉ ወንበር ላይ የተቀመጠችውን ደንበኛዬን ታይና "በግራ በኩል ይረዝማል" ትል ነበር። "አንቺ፣ ገበያዬን ልትዘጊው ነው እንዴ የመጣሽው?" እላት ነበር። ይበልጥ የሚያናድደው ሁልጊዜ ትክክል መሆኗ ነው።

መንታ ሴት ልጆች ነበሯት። ወፈር ብላ የተወለደችውን ድምቡሼ አልናት፣ ሚጢጢዋን ደግሞ ሚጣ። ሲያድጉ ሁለቱም እኩል ሆኑ፤ መልካቸው አንድ፣ ሳቃቸው አንድ፣ አኩርፈው ሲቀመጡ እንኳን አንድ ነበሩ። አባታቸው ሳይቀር እየተሳሳተ ይስቁበት ነበር። እህቴ ግን ከጀርባቸው፣ ከእርምጃቸው ትለያቸዋለች። በስድስት ዓመታቸው፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ድምቡሼን የጭነት መኪና ገጫት። እህቴ ልትወስዳቸው ከመንገዱ ማዶ ቆማ እየጠበቀች ስለነበር ሁሉንም አይታለች። ከዚህ በላይ ስለዚያ ቀን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለባሏም፣ ለእኔም።

ከዚያ በኋላ ሚጣን ማየት አቃታት። ጠልታት አይደለም። ታበላታለች፣ ታጥባታለች፣ የደንብ ልብሷን ትተኩስላታለች፤ ፊቷን ግን አታይም። የምታናግራት ግድግዳውን፣ ሳህኑን፣ የጫማዋን ማሰሪያ እያየች ነው። ልጅቷ ድንገት ፊት ለፊት ከመጣችባት የያዘችው ነገር ከእጇ ይወድቃል። የሞተች ልጅ ፊት ቤት ውስጥ ሲመላለስ ምን ታድርግ? ሚጣም ልጅ ብትሆን ሞኝ አይደለችም፤ እናቷን ከጎን ወይም ከኋላ መቅረብ ለመደች። መሳቅም ተወች።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቄ ገባችና ከፍ ያለው ወንበር ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

"አክስቴ፣ ፊቴን የሚሸፍን አድርጊልኝ።"

"ፊት የሚሸፍን ደግሞ ምንድን ነው? ሙሽራ ነሽ እንዴ?"

"ከፊት በኩል ብዙ ፀጉር ይውረድ። እማ እንዳይከብዳት።"

ማበጠሪያውን አስቀምጬ ወደ ጓዳ ገባሁ፣ የውኃ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ስመለስ እንዳለችኝ አደረግሁላት፤ እስከ አፍንጫዋ የሚወርድ ፀጉር። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ባያት ቁጥር "ይቺ ልጅ በምን ታያለች?" ይለኛል። "አንተ በመነጽር የማታየውን ታያለች" እለዋለሁ። ልጅቷ መንገድ ስትሻገር ግን ሁልጊዜ እጇን እይዛታለሁ።

አባቷ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሲናገር አስቦበት ነው። እሱም አንድ ቀን የሥራ ሣጥኑን እንደያዘ መጣና ደንበኛዬ እስክትወጣ ጠበቀ።

"እትዬ፣ ትምህርት ሲዘጋ ሚጣን እናቴ ዘንድ ልወስዳት ነው። እዚያው ትማር።"

"እናቷ እያለች?"

"እናቷ አለች እንዴ?" አለ። ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ፤ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። "ልጄ እኮ ገዛ ቤቷ ውስጥ እየተደበቀች ነው የምትኖረው። እስከ መቼ?"

እውነቱን ነው። የእናቱ ከተማ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ልጅ አንዴ ከሄደች ትለምዳለች፣ እናትም ባዶ ቤት ትለምዳለች፤ እኔን ያስፈራኝ መሄዷ ሳይሆን መልመዳቸው ነው። "ትምህርት እስኪዘጋ ጊዜ ስጠኝ" አልኩት። ያንን ቀጠሮ የለመንኩት በማግስቱ ነው።

እህቴ እንግዲህ ያንን የመሰለ ቀጠሮ ጥላ ነው ደረጃው ሥር ያስመለሰችው። አልመለስም አለች። እኔም መጨቅጨቅ ከጀመርኩ ድንጋይም ቢሆን እጁን ይሰጣል፤ ሥራ ስትሄድ ጨቀጨቅኳት፣ ስትመለስ ጨቀጨቅኳት። በመጨረሻ የባሏን ሐሳብ ነግሬያት "ለሁለት ጣት ብለሽ ልጅሽን ልትሰጪ ነው?" አልኳት። ክፉ አነጋገር ነው። ጫማዋን አደረገችና ተከተለችኝ።

ባለጣቷ በዚህ ጊዜ የጠበቀችን ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ነው።

"ጣቶቼን አላነሣም" አለች፣ ገና ሳንቀመጥ። "ሌላም መንገድ አለ። እጆችሽን ጉልበትሽ ላይ ታደርጊያለሽ፣ እኔ ቀኙንና ግራውን እያፈራረቅሁ መታ መታ አደርጋቸዋለሁ። ዋናው ነገር እያሰብሽው ከሁለቱም ወገን መነካትሽ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እጄ ምን አሳየሽ?"

እህቴ ምንጣፉን ስታይ ቆየች። ምንጣፉ ላይ የተተረተረ ቦታ አለ፤ እሷ አይታው እንደሆነ እርግጠኛ ነኝ።

"ፋብሪካ ገብተሽ ታውቂያለሽ?" አለቻት።

"አላውቅም።"

"እዚያ መጮህ ዋጋ የለውም። ማሽኖቹ ሲሠሩ ጆሮሽ ሥር ቢጮኹብሽም አትሰሚም። የምንነጋገረው በእጅ ነው። ና፣ ሂድ፣ ክር ተበጥሷል፣ ምሳ ደርሷል። ማሽኑን አቁም ሲሆን ደግሞ..." ቀኝ እጇን ከራሷ በላይ አነሣችና ወዲያና ወዲህ አወዛወዘችው። ወዲያው ብብቷ ሥር መልሳ ደበቀችው።

እኔ ገና አልገባኝም። ባለጣቷ ግን ገብቷት ነበር መሰለኝ፣ ፊቷ ተለወጠ።

"መኪናውን ከሰው ሁሉ በፊት ያየሁት እኔ ነኝ" አለች እህቴ። "ከዳገቱ ሲወርድ። ድምቡሼ ከበሩ ወጥታለች፤ ሚጣ ጫማዋን ልታስር ወደ ኋላ ቀርታለች። መንገዱ ፀጥ ያለ ነበር። ብጮህ ትሰማኝ ነበር። እኔ ግን እጄን አነሣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ አቁም ስል የኖርኩት በእጄ ነው፣ እጄ ከድምፄ ቀደመ። አወዛወዝኩት። ልጄ አየችኝ። እናቷ ከማዶ ሆና እጇን ስታወዛውዝላት ምን ታስብ? ሳቀች። እሷም እጇን አነሣችልኝ፤ እንዲህ፣ እንዲህ አደረገችልኝ። ከዚያ ወደ እኔ ሮጠች።"

ከታች መንገዱ ላይ አንድ ሰው እምቢ ያለችው ሞተር ብስክሌት ለማስነሣት ይታገላል። እኔ ሻርፔን አፌ ውስጥ ከትቼ ነክሼዋለሁ። ይህን ሁሉ ጊዜ "አንቺ ምንም ጥፋት የለብሽም፣ ጥፋቱ የሾፌሩ ነው" እያልኩ ሳጽናናት ፊቷን ለምን ታዞርብኝ እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ። ምንም እንዳትናገር አፏን የዘጋሁት እኔው በማጽናኛዬ ነበር።

"የመጨረሻ ያየኋት እየሳቀች ነው" አለች። "ሚጣ ስትስቅ እሷ ናት። እዚያው በሩ ላይ ናት። አሁን ልትሮጥ ነው።"

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሄድን። ሥራው ሲያዩት ሥራ አይመስልም። እህቴ ዓይኗን ጨፍና ያንን መንገድ ታስባለች፣ ባለጣቷ የእጆቿን ጀርባ ቀኝ ግራ፣ ቀኝ ግራ መታ መታ ታደርጋለች። ትንሽ ቆይታ ታቆምና "አሁን ምን መጣ?" ትላለች። "መኪናው።" "እሱን ይዘሽ ቀጥዪ።" "አሁንስ?" "ጉሮሮዬ ታነቀ።" "እሱን ይዘሽ ቀጥዪ።" ምክር የለ፣ ተግሣጽ የለ። ሐዘንተኛ ደንበኛ ሲመጣብኝ አንድ ሺህ ምክር የምደረድረው እኔ፣ ወንበሬ ላይ ሆኜ ምላሴን እየነከስኩ ማዳመጥን ተማርኩ። እህቴ ሲያልቅ ሙሉ ቀን እንጨት ስትፈልጥ የዋለች ይመስል ትደክማለች። አንዳንድ ሳምንት እንዲያውም የባሰባት ይመስለኛል፤ እንቅልፏ ይረበሻል፣ ፋብሪካም እንከን ያለበት ጨርቅ ሳታይ አሳልፋ አለቃዋ ተቆጥቷታል።

አንድ ቀን ደረጃው ላይ ባለጣቷን ያዝኳት። "እውነቱን ንገሪኝ። ይሄ መታ መታ ልጅቷን ሊያስረሳት ነው?"

"አያስረሳም፣ እትዬ። አሁን ለእህትዎ ያ ነገር ያለፈ አይደለም፤ በየቀኑ እየሆነ ነው። ያለፈ እንዲሆንላት ነው የምንሠራው።"

"በመታ መታ እንዴት ያልፋል?"

"እንዴት እንደሚሠራ እኛም እስከ ጥጉ አናውቅም" አለች፣ ሳታፍር። የማያውቀውን አላውቅም የሚል የተማረ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም፤ ያኔ ወደድኳት።

የፈራሁት ነገር ግን ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ከቀጠሮ ስንመለስ እህቴ መንገድ መሀል ቆም አለች።

"የዚያ ቀን ሥዕል እየራቀ ነው" አለችኝ።

"ታዲያ ደስ አይልሽም?"

"ፎቶዋ አለኝ። ፎቶ ግን ዝም ብሎ ነው የሚያየው። እዚያ ትንቀሳቀሳለች፣ እትዬ። እዚያ እጇን ታነሣልኛለች። እሱ ከሄደ እሷን የት አገኛታለሁ?"

ብርቱካን ገዛሁላት፤ ሰው መልስ ሲያጣ የሚያደርገውን አደረግሁ። ብርቱካኑን ሳትልጠው እስከ ቤት ይዛው ሄደች፤ በማግስቱ ሚጣ ስትበላው አየሁ።

ትምህርት ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀር፣ አባትየው የሚጣን ልብስ እያጠበ በገመድ ላይ ማስጣት ሲጀምር፣ እህቴ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ባለጣቷን "ዛሬ በእጅሽ አድርጊው" አለቻት።

ባለጣቷ ወዲያው እሺ አላለችም። "እርግጠኛ ነሽ?"

"እጅ አይደል የጀመረው?"

"እሺ። በፈለግሽ ሰዓት እናቆማለን። ሌላ ሰው ቢሆን ማቆም ሲፈልግ እጁን ያንሣ ነው የምለው። አንቺ ግን በእጅሽ አይደለም። በአፍሽ ንገሪኝ።"

ጣቶቿን አነሣች። ወዲያና ወዲህ፣ ወዲያና ወዲህ። የእህቴ ዓይን ተከተላቸው፤ ያ ጨርቅ ሲከተል የኖረ ዓይን። የወንበሩን ክንድ ጨበጠች። እኔ በልቤ አሁን ተነሥታ ትወጣለች እያልኩ እግሬን ከመንገዷ ሰበሰብኩ። አልተነሣችም።

"ቁሚ" አለች።

ባለጣቷ እጇን ወዲያው አወረደች። "ቆምኩ። ደህና ነሽ?"

"ላንቺ አይደለም" አለች እህቴ።

ባለጣቷ አየቻት፤ ቀስ ብላም እጇን መልሳ አነሣች። እኔ አንድ ቀን ያ ድምፅ ከወጣ ጣሪያውን ያነሣዋል ብዬ ነበር የማስበው። ድምፅዋ ግን ትንሽ ነበር፣ ሣሎን ውስጥ ለምትሯሯጥ ልጅ የሚወጣ ዓይነት ድምፅ። "ቁሚ፣ እናቴ። መኪና አለ። ቁሚ፣ ድምቡሼ።" ደጋገመችው። እንባዋ በአገጯ እየወረደ ዓይኗ ጣቶቹን አለቀቀም።

"ምን መጣ?" አለች ባለጣቷ።

"አልቆመችም" አለች እህቴ። "ነገርኳት፣ ሰማችኝም፣ ግን ለመቆም ጊዜ አላገኘችም። መኪናው በጣም ፈጣን ነበር።"

ያኔ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ልጇ ከተቀበረች ጀምሮ እንደ ሰው ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ነው። ባለጣቷም ዓይኗን ስትጠርግ አይቻታለሁ፤ አላየሁም ብዬ አለፍኩ።

ትምህርት በተዘጋ ማግስት አባትየው አውቶቡስ ተራ ትኬት ሊቆርጥ ሄደ፣ ሚጣንም ከመንገዱ በፊት ፀጉሯን እንዳስተካክልላት እኔ ጋ ተዋት። ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ፎጣውን አንገቷ ላይ እያሰርኩ ነበር። ፊቴ ላይ ፈገግታ ለማስቀመጥ ብታገልም አልሆነልኝም። በሩ ተከፈተና እህቴ ገባች። ድምቡሼ ከሞተች ወዲህ ሱቄን ረግጣው አታውቅም። ሚጣ በመስታወቱ አየቻትና እንደ ልማዷ አንገቷን ደፋች፤ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ወረደ።

እህቴ ወንበሩን ይዛ ወደ ራሷ አዞረችው። ቁጢጥ አለች። በአንድ ጣቷ ያንን ፀጉር ወደ ጎን ገለጠችና አየቻት። ከግንባሯ ጀመረች፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ቀስ እያለች ወደ ታች ወረደች። ቅንድቧ ላይ ጉድፍ ወጥቶባት የቀረ ጠባሳ አለ፤ እዚያ ላይ ቆየች። አፏ ጋ ስትደርስ ቆመች።

"እስቲ አፍሽን ክፈቺ።"

ሚጣ ከፈተች።

"ይሄ ጥርስ መቼ ወጣ?"

"የድሮው ከወለቀ በኋላ።"

"መቼ ወለቀ?"

"ቆየ እኮ። አክስቴ ናት በክር የነቀለችልኝ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬሽ ነበር። አሳይቼሽ ነበር" አለች ሚጣ፣ እናቷን ላለማስከፋት እየተጠነቀቀች። "ሳህን እያጠብሽ ነበር።"

ፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ ትልልቅ ጥርሶች ናቸው፤ ጫፋቸው ገና መጋዝ መጋዝ የሚመስል። ፊቷም ረዝሟል፣ ጉንጯ ከስቷል። በየቀኑ ስለማያት እኔም ልብ አላልኩትም ነበር። ዓይኗን የሚያመልጠው ነገር የለም ያልኳችሁ እህቴ፣ የልጇ ፊት ሲለወጥ አመለጣት።

"ድምቡሼ ይሄ ጥርስ የላትም" አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። "አትመስያትም። አሁን አትመስያትም።"

ደስታ ይሁን ሐዘን እኔ አላወቅሁም። ሁለቱም ነበር መሰለኝ። የድምቡሼ ፊት በዚህ ዓለም ላይ የቀረው ሚጣ ላይ ነበር፤ እህቴ ሳታየው እዚያም አልቋል። አንዷን ባገኘች ቀን ሌላዋን እንደገና ቀበረች። እንዲህ ያለውን ነገር የትኛዋ ባለሙያ፣ በየትኛው ጣቷ ታስተካክለዋለች?

ሚጣ የእናቷን እንባ ስታይ ቆየች። በእንባም ቢሆን እናቷ እያየቻት ነበርና ዓይኗን ለመንቀል አልደፈረችም።

"ካልመሰልኳት" አለች ቀስ ብላ፣ "መቅረት እችላለሁ?"

እህቴ የልጅቷን ጉልበት አቅፋ ግንባሯን እዚያ ላይ ደፋች። ቀና ስትል "የትም አትሄጂም" አለች። ወደ እኔ ሳትዞር ደግሞ "ቁረጪላት" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ፊቷ ላይ ያለውን።"

መቀሱን አነሣሁ። አባትየው ትኬቱን ይዞ ደጃፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ወደ ውስጥ አልገባም፣ እዚያው ቆሞ ያያል። እንባዬ እያስቸገረኝ ቆረጥኩት፤ ፀጉሩ ፎጣው ላይ፣ ሚጣ ጭን ላይ፣ መሬት ላይ ወረደ። ከሥሩ ግንባሯ ወጣ፣ ጠባሳዋ ወጣ፣ ዓይኖቿ ወጡ። እህቴ እዚያው ቁጢጥ እንዳለች፣ ዓይኗን ከልጅቷ ፊት ሳትነቅል፣ "በግራ በኩል ይረዝማል" አለች።

አስተካከልኩት።